የጋሽ ፊርማ የስንብት ቃለ ጉባኤ

ስልኩ ሲጮህ ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የአንዲት ደንበኛዋን ቀሚስ ጠርዝ በስፒል እያስያዘች ነበር። በከንፈሮቿ መሃል ስፒሎች ነክሳለች፤ እጆቿም ጨርቁን ይዘዋል። ደንበኛዋ ጎንበስ ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘችላት።

«እህቴ፣ እስቲ አንዴ ቁጭ በይ» አለ አንድ የወንድ ድምፅ። የሚኖሩበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ አምፖልና ገመድ የሚሸጠው መብራት ሻጩ ነበር። «ጋሼ አባትሽ መዝገብ ቤት ሄደው ተራ ሲጠብቁ… አግዳሚው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ሰዎቹ እንቅልፍ ሸለብ ያደረጋቸው መስሏቸው ነበር። ስማቸው ሲጠራ አልተነሡም።»

ስፒሎቹን ከአፏ አንድ በአንድ እያወጣች ግራ እጇ ላይ ባሰረቻት ትንሽ ትራስ ላይ ሰካቻቸው።

«እሺ» ብቻ አለች።

በኋላ አንገቷን የሚያስደፋት እሺ ማለቷ አልነበረም። እንባዋ ሳይመጣ፣ የአባቷ ፊት እንኳ ገና ትዝ ሳይላት፣ አንድ ሐሳብ ሽው ብሎባት አልፏል፦ ከእንግዲህ በሬን የሚያንኳኳ የለም። በዚያች ቅጽበት ቅልል ብሏት ነበር።

*

አባቷ ዕድሜያቸውን የጨረሱት በአንድ የጫማ ፋብሪካ ዕቃ ቤት ውስጥ ነው። ሶልና ማሰሪያ፣ ሙጫና ቆዳ በእጃቸው ይገባል፣ በእጃቸው ይወጣል። ያልተፈረመበት ነገር ከዚያ በር ወጥቶ አያውቅም። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ራሱ አንድ ቀን ለልጁ ጫማ ክር ፈልጎ ቢመጣ፣ «ይፈርሙልኛ» ብለው ብዕር እንዳቀረቡለት ይነገር ነበር። ጡረታ ሲወጡ ዕቃ ቤቱ ቀረ እንጂ ልማዱ አብሯቸው ቤት ገባ። ሚስታቸው ያረፉ ጊዜ የስፌት መኪናቸውን ለልጃቸው ሲሰጡ፣ ወረቀት አምጥተው «ተረክቤያለሁ በይና ፈርሚ» አሏት።

«አባባ፣ የእናቴን ዕቃ ነው እኮ የምታስፈርመኝ።»

«ለዚህ ነዋ። የእናትሽ ዕቃ ነው።»

እየተነጫነጨች ፈረመች። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

የሕንፃው ነዋሪዎች የቤት ባለቤቶች ማኅበር ያቋቋሙ ዓመት ጸሐፊ የሚሆን ሰው ጠፋ። ሰብሳቢነቱን የሚሻማ ነበረ፤ ገንዘብ ያዥነቱንም እንዲሁ። ጸሐፊነቱ ግን ጣጣው ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር በመንግሥት መዝገብ ቤት መመዝገብ አለበት፤ በየዓመቱ ማን ሰብሳቢ፣ ማን ጸሐፊ እንደሆነ ያሳውቃል፤ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ ያንንም «ልየው» ለሚል ሁሉ ያሳያል። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ አባቷ «እኔ ልያዘው» አሉ። ነዋሪው እፎይ ብሎ አጨበጨበላቸው።

ጭብጨባው ብዙም አልቆየም። ስብሰባ የቀረ ሰው ካለ አባቷ ቃለ ጉባኤውን ይዘው በሩ ድረስ ይሄዳሉ፤ በሩ ላይ ቆመው ከላይ እስከ ታች ያነቡለታል፤ ከዚያ ያስፈርሙታል። ወጥ እሳት ላይ ጥዶ የወጣ ሰው ወጡ እያረረ ይሰማቸዋል። የውሃ ታንከሩን ለማስጠገን፣ የደረጃውን መብራት ለመቀየር፣ ለሁሉም ፊርማ ነው። «ጋሽ ፊርማ» የሚል ስም የወጣላቸው ያኔ ነው። የጫማቸው ድምፅ ደረጃው ላይ ሲሰማ በየቤቱ ቴሌቪዥን ዝቅ ይላል፤ ልጆች ዝም እንዲሉ ይቆነጠጣሉ። አንዷ ጎረቤት ልጇን በሩን ገርበብ አድርጎ «እማዬ የለችም ብላለች» እንዲል ልካው ሕንፃው በሙሉ ሲስቅ ሰንብቷል።

ልብስ ሰፊዋ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበረች፤ አባቷ ከታች አንደኛ ፎቅ። የምትሰፋውም ቤቷ ውስጥ ስለሆነ ወሬው ሁሉ ከልኬት ጋር አብሮ ይመጣላታል።

«አባትሽ ትናንት ደግሞ ለደረጃው መወልወያ አስፈረሙን» ትላታለች አንዷ እጇን ዘርግታ ደረቷን እያስለካች። «በቅርቡ ለመተንፈስም ሳያስፈርሙን አይቀሩም።»

«እኔንማ ስወለድ አስፈርመውኛል» ትላለች ልብስ ሰፊዋ፤ አብራ ትስቃለች። ሴትዮዋ ስትወጣ ግን የሳቀችበት አፏ ይመራታል።

*

ስብሰባው የተደረገው ምድር ቤት፣ ብስክሌትና የሕፃናት ጋሪ በሚቆምበት ኮሪደር ውስጥ ነበር። አባቷ ከቤታቸው ያወረዷትን ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ እንደወትሮው ይጽፋሉ። መብራት ሻጩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ እንኳ… ማለቴ ጋሼ ብዙ አገልግለውናል። ግን ደክመዋል። ይረፉ ነው የምለው። መልእክቱን ሁሉ በስልክ እናደርገዋለን፤ ደረጃ መውጣት መውረድ የለም።»

«ቀስ በል፣ ልጻፈው» አሉ አባቷ ቀና ሳይሉ። «'አርጅተዋል' ነው ያልከው 'ደክመዋል'?»

«ኧረ ጋሼ፣ ደክመዋል ነው ያልኩት።»

«ደክመዋል» አሉና ጻፉ። «በእኔ ምትክስ ማን ይሁን ትላለህ? ይሄም መጻፍ አለበት።»

ኮሪደሩ ሳቅ በሳቅ ሆነ። አባቷ ግን ቀልድ አላወሩም። ሌላ ሰው ሲጠፋ መብራት ሻጩ ራሱ ተጠቆመ፤ እሱንም ጻፉት። ከዚያ እንደ ደንቡ «የሚደግፉ እጃቸውን ያውጡ» አሉ፤ ለታንከሩም ለመወልወያውም እንደሚሉት።

ልብስ ሰፊዋ ከኋላ፣ ደረጃው ሥር ቆማ ነበር። ግራና ቀኟ ያሉት ሴቶች እጃቸውን አወጡ። አውጥተውም ወደ እሷ ዞር አሉ። አባቷ እንዲያርፉ ትፈልግ ነበር፤ ጉልበታቸው እንደሚያማቸውም ታውቃለች። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። እጇ የወጣው ግን በዚህ አልነበረም። ነገ ደንበኞቿ ሲመጡ የጋሽ ፊርማ ልጅ ተብላ መሳቂያ ላለመሆን ነው የወጣው።

አባቷ በብዕራቸው ጫፍ አየር ላይ እየጠቆሙ ቆጠሩ። ብዕሩ ወደ ደረጃው ሥር መጣ፤ እንደሌላው ሰው ሁሉ እሷም ላይ ጠቆመ፤ አለፈ። ቁጥሩን ጻፉ።

ሩቅ ጥሩ አያዩም አለች በልቧ። መነጽራቸው የቅርቡ ነው።

*

ነገሩ በዚያ ያልቃል ተብሎ ነበር። መዝገብ ቤቱ ግን ጸሐፊ የሚነሣው እጅ ስለወጣ ብቻ አይደለም አለ። እጃቸውን ያወጡ ሰዎች ሁሉ ቃለ ጉባኤው ግርጌ በስማቸው ትይዩ በገዛ እጃቸው መፈረም አለባቸው። ያ እስኪሆን ድረስ በመዝገብ የሚታወቀው ጸሐፊ የቀድሞው ነው፤ የሚጠየቀውም የሚጠራውም እሱ ነው። አዲሱ ጸሐፊ ይህንን ሲሰማ ፊቱን አኮሳተረ። የስልክ ቡድን ከፍቶ «እባካችሁ ኑና ፈርሙ» ብሎ ቢጽፍ አውራ ጣት ብቻ ተላከለት።

እና አባቷ ወረቀታቸውን ይዘው ደረጃውን ተያያዙት።

ሕንፃው በሳቅ ፈነዳ። «ጋሽ ፊርማን ለማባረርም ጋሽ ፊርማ ያስፈልጋል» ተባለ። ግን ሲያንኳኩበት የሚስቅ አልነበረም። የሰውየውን መባረር ደግፈህ፣ ሰውየው ራሱ በርህ ላይ ቆሞ እያለከለከ፣ የተባረረበትን ቃል አንብቦልህ፣ «እዚህ ጋ» ብሎ በጣቱ ሲያሳይህ መፈረም ቀላል አይደለም። ብዙዎቹ ቶሎ ፈርመው ቶሎ ዘጉ። አንዷ «ይግቡና ውሃ ይጠጡ» ብላቸው ነበር፤ «ላስቸግርሽ አይደለም፣ ፊርማሽን ብቻ» አሏት።

የልጃቸው ቤት ላይ የመጡት ከሁሉም በኋላ ነው።

የጫማቸውን ድምፅ ከሦስተኛ ፎቅ ጀምራ ለየችው። የመጋረጃ ጨርቅ እየሰፋች ነበር። እግሯን ከመርገጫው ላይ አነሣች፤ መኪናው ቀጥ አለ። ያን ጊዜ ነው የተሳሳተችው። መኪናው ዝም ባይል ኖሮ፣ ሥራ ላይ ነበርኩ አልሰማሁም ማለት ይቻል ነበር።

አንኳኩ። ትንፋሿን ዋጠች። ደግመው አንኳኩ፤ ቀስ ብለው፣ እንደ እንግዳ።

«ሲመችሽ እንግዲህ» አሉ በበሩ በኩል። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «መርፌው ጨርቁ ላይ ሰንብቶ እንዳይዝግብሽ።»

የጫማቸው ድምፅ ወረደ። እዚያው እንደተቀመጠች ፊቷ እንደ እሳት ነደደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደረጃው ላይ ሲገናኙ ስለ ጉልበታቸው ትጠይቃቸዋለች፣ ምሳ ትልክላቸዋለች፤ ስለ ወረቀቱ ግን ሁለቱም ትንፍሽ አላሉም።

*

ከቀብሩ በኋላ የአባቷ ታናሽ እህት ለመሰንበት መጣች። አክስቷ ከሌላ ሰፈር ነበረች፤ ስለ ስብሰባው የነገራት የለም። አባቷም አልነገሯትም። ጎረቤቶቹ ሊያጽናኑ መጥተው ክፍሉን ሲሞሉት፣ አክስቷ አንገቷን እየነቀነቀች ታወራለች።

«ወንድሜ እኮ እስከ መጨረሻው ጸሐፊያችሁ ነበር። በዚያ ጉልበቱ። የእናንተን ጉዳይ ይዞ መዝገብ ቤት ወንበር ላይ ነው ነፍሱ የወጣችው። እንዲያው አንዳችሁ 'ተዉ እንግዲህ ይረፉ' አላላችሁትም?»

ሰው ሁሉ ጫማውን ያያል። የውሃ ብርጭቆ ያነሣ ሰው መልሶ አስቀመጠ። ልብስ ሰፊዋ አንድ ሰው እውነቱን እንዲናገር ተመኘች፤ ማንም እንዳይናገርም ለመነች።

«እንዲህ ዓይነት ሰው ከየት ይገኛል» አለች በመጨረሻ ያቺ ልጇን «የለችም» በል ብላ የላከች ጎረቤት። ሌሎቹም «ከየት ይገኛል» አሉ።

እንግዶቹ ሲበተኑ መብራት ሻጩ ደረጃው ላይ ጠበቃት። በእጁ የአባቷን የጨርቅ ቦርሳ ይዟል፤ መዝገብ ቤቱ ነው የላከው።

«ልነግርሽ አስቤ ስፈራ ነበር» አለ። «የዚያን ቀን የሄዱት ቀን ሊያስጨምሩ ነበር። የዓመቱ ምዝገባ እየተዘጋ ነው፣ አንድ ፊርማ ቀርቷል።»

«የማን?» አለች፤ እያወቀች።

ወለሉን አየ። «እኔ እንኳ አንድ ነገር ብያቸው ነበር። 'ጋሼ፣ የእጁን ቁጥር በአንድ ይቀንሱትና ይለቅ፣ ማን ያውቃል?' አልኳቸው። 'እጁማ ወጥቷል' አሉኝ። 'እና ሄጄ ላስፈርማት?' ስላቸው፣ 'ተዋት፣ ልጄ ሥራ በዝቶባት ነው፤ እኔ ሄጄ ቀን አስጨምራለሁ' አሉ።»

ደረጃው ላይ መብራት አልነበረም፤ አምፖሉን መቀየር የአዲሱ ጸሐፊ ተራ ነበር፣ አልቀየረውም። ስለጨለመ ደስ አላት። ፊቷን አላየባትም።

ስለዚህ አይተዋታል። ብዕራቸው ደረጃው ሥር ላይ ሲጠቁም አይተዋታል፤ ቆጥረዋታልም።

*

መዝገብ ቤቱ ረጅም አግዳሚዎች ያሉት አዳራሽ ነው። ግድግዳው እስከ ሰው ትከሻ ድረስ በሰው ጀርባ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። አባቷ የትኛው ጫፍ ላይ እንደነበሩ ላለመጠየቅ ብላ ቆማ ተራዋን ጠበቀች።

የመዝገብ ሠራተኛዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ጉንፋን የያዛት ሴት ነበረች። የማኅበሩን ስም ስትሰማ እጇን ከማኅተሙ ላይ አነሣች።

«የእሳቸው ልጅ ነሽ? ነፍስ ይማር። ሁልጊዜ ብዕራቸውን ይዘው ነው የሚመጡት፤ የኛን አይነኩም ነበር።» መዝገቡን ገለጠች። የአባቷ ስም እዚያ ነበረ፦ ጸሐፊ። «ምን ልርዳሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ከአባቷ ቦርሳ ቃለ ጉባኤውን አወጣች። ሠራተኛዋ መነጽሯን አውርዳ አነበበችው። ከዚያ ልጅቷን አየች፤ ግርጌው ላይ ባዶ ከቀረው ቦታ ትይዩ ያለውን ስም አየች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እህቴ፣ ይሄ አሁን አያስፈልግሽም። የሞት ምስክር ወረቀት አምጪልኝ፤ 'በሞት ተለይተዋል' ብዬ እዘጋዋለሁ። አዲሱን ሰው በዚያው አስገባዋለሁ። ይሄንን ቀደሽ ጣይው።»

«እንደዚያ ከሆነ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ «እስከ ሞቱበት ቀን ጸሐፊ ነበሩ ተብሎ ነው የሚቀመጠው?»

«አዎ። ምን ክፋት አለው? ክብራቸው ነው።»

ለአክስቷም ክብር ነው። ክፍሉ ውስጥ ጫማቸውን ሲያዩ ለነበሩት ሁሉ እፎይታ ነው። ልብስ ሰፊዋም ቅልል አላት፤ ትከሻዋ ሲወርድ ተሰማት። ይህን ስሜት ታውቀዋለች። ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ስፒል ነክሳ ሳለች የመጣው ያው ነበር።

ቦርሳው ውስጥ እጇን ሰደደች፤ የአባቷን ብዕር አገኘችው። በስሟ ትይዩ ፈረመች። የስፌት መኪናውን ስትረከብ የፈረመችው ዓይነት ፊርማ ነበር፤ እጇ አልተለወጠም።

ሠራተኛዋ አፍንጫዋን ጠረገች። «እሺ» አለች፤ ድምፅዋ ወደ ሥራዋ ተመለሰ። «እንደዚህ ካልሽ ግን እንደ ደንቡ ነው የሚሆነው። ዛሬ አልመዘግበውም። መጀመሪያ ሕንፃችሁ መግቢያ ላይ ይለጠፋል፤ ነዋሪው ያነበዋል። ተቃውሞ ከሌለ ሰብሳቢያችሁ አትሞበት ይመለስልኛል።»

«ከነስሞቹ ነው የሚለጠፈው?»

«ከነስሞቹ።»

*

ሕንፃው መግቢያ ላይ ስትደርስ አክስቷ እርጥብ ጨርቅ ይዛ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆማ ነበር።

«አቧራ ወርሶት አየሁትና ጠረግሁት» አለች። «እዚህ ላይ አይደል ወንድሜ የሚለጥፈው?»

«አዎ እትዬ።»

«ባዶ ሲሆን አያምርም። አዲሱ ሰውዬ ምንም አይለጥፍም እንዴ?»

«በስልክ ነው የሚልከው።»

«በስልክ» አለች አክስቷ፣ የሰሌዳውን ጥግ ደግማ እየወለወለች። «እኔ እንኳ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ እዚህ ነው የሚያርፈው። የእሱ ጽሕፈት ያለ ይመስለኛል።»

ወረቀቱ በክንዷ ሥር ቦርሳው ውስጥ ነበር፤ በአባቷ ጽሕፈት የተጻፈ። ከስፌት ተነሥታ ስለሄደች የግራ እጇ የስፒል ትራስም አልተፈታም ነበርና ስፒል አላጣችም። አክስቷን «ደረጃው ጨለማ ነው፣ ቀስ ብለሽ ውጪ» አለቻትና ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣች።

አክስቷ አሁንም ወደ ሰፈሯ አልተመለሰችም። ቃለ ጉባኤው በስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ነው። ተፈርሟል፤ ሰሌዳው ላይ ግን አልተለጠፈም። በመዝገብ ቤትም የማኅበሩ ጸሐፊ እስካሁን አባቷ ናቸው።